ለትንሽ የብስክሌት ብራንድ ኮፍያ እንዴት ይሠራል፣ እንዴትስ ይሸጣል

ብስክሌት እየሠራችሁ በራሳችሁ ስም የምትሸጡ ከሆነ፣ ለማስተዋወቂያ የያዛችሁትን ገንዘብ ሁሉ ስልክ ላይ ብልጭ ብሎ ለሚያልፍ ማስታወቂያ ከማፍሰሳችሁ በፊት ስለ ኮፍያ እናውራ። የምለው የብስክሌተኞችን ኮፍያ ነው። ቀጭን ጨርቅ፣ ከፊት አጭር ጥላ፣ ከኋላ ላስቲክ፣ ከግንባር እስከ ማጅራት የሚወርድ ሪቫን።

ብስክሌት ውድ ነው። ሰው ሥራችሁን ወዶት እንኳ ለመግዛት ዓመት ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ያለው ብስክሌት ገና አላረጀም፣ ገንዘቡ አልሞላም፣ ወይ ደግሞ ቤት ውስጥ ሌላ ብስክሌት የሚቆምበት ቦታ የለም። ኮፍያ ግን ዛሬውኑ ይገዛል። ታጥፎ ማሊያ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ በፖስታ ይላካል፣ ብስክሌት ይዞ መግባት በማይቻልበት ቦታ ሁሉ ጭንቅላት ላይ ሆኖ ይገባል። በዚያ ላይ ሰው ወዶ ነው የሚያደርገው፣ ማንም አላስገደደውም። ስሙ ገና ላልታወቀ ሠሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ምንድነው፣ አብዛኛው ብራንድ ኮፍያውን እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ነው የሚያሠራው። ርካሽ ጨርቅ፣ ግንባር ላይ ትልቅ ሎጎ፣ ጎኑ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ፣ አለቀ። እንዲህ ያለው ኮፍያ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያረጀው። እኔ የምለው ኮፍያው ዕቃ ነው። እንደ ፍሬማችሁ ሁሉ የእናንተ ሥራ ነው፤ ሰውም በእሱ ነው የሚመዝናችሁ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ስማችሁን ብታጠፉበት ሰው ያደርገዋል ወይ? አያደርገውም ካላችሁ፣ ስሙ መጨመሩ አያድነውም።

ከዲዛይኑ በፊት ታሪኩን እወቁት

ኮፍያ የሚገዛው ሰው ብዙ ጊዜ ታሪኩን ያውቃል፣ ስለዚህ እናንተም እወቁት። ሄልሜት ግዴታ ከመሆኑ በፊት ተወዳዳሪው ጭንቅላት ላይ የነበረው ይሄ ኮፍያ ነው። ፀሐይ ሲከር ጥላው ወደ ታች፣ ዳገት ላይ ሲሞቅ ወደ ላይ፣ ማጅራት ሲቃጠል ዞሮ ወደ ኋላ ይደረጋል። ላብ ወደ ዓይን እንዳይወርድም ይመጥጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 ካዛክስታናዊው ተወዳዳሪ አንድሬ ኪቪሌቭ በፓሪስ ኒስ ውድድር ላይ ወድቆ ከሞተ በኋላ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። ኮፍያው ግን አልጠፋም። ከሄልሜት ሥር ገባ፣ ሽልማት መድረክ ላይ ወጣ፣ ከዚያም ብስክሌት ነድተው በማያውቁ ሰዎች ጭንቅላት ላይ ሳይቀር ታየ።

ከገበያ ጋር ያለው ዝምድናም የቆየ ነው። በ1930 የቱር ደ ፍራንስ አለቃ አንሪ ዴግራንጅ በብስክሌት ፋብሪካዎች ስም የሚወዳደሩትን ቡድኖች አስቀርቶ በአገር ቡድኖች ተካቸው። የፋብሪካዎቹ ገንዘብ ሲቀር ወጪውን የሚሸፍን ሌላ ነገር አስፈለገ፣ ከተወዳዳሪዎቹ ፊት እየሄደ የሚያስተዋውቅ የመኪና ሰልፍም በዚያው ዓመት ተጀመረ። ያ ሰልፍ እስከ ዛሬ መንገድ ዳር ለቆመው ሕዝብ ኮፍያና ትናንሽ ስጦታ ይወረውራል። በ1954 ደግሞ ጣሊያናዊው ፊዮሬንዞ ማኒ፣ ብስክሌት አምራቾች ለቡድን የሚያወጡት ገንዘብ ሲያጥራቸው፣ የኒቪያ ክሬምን ስም ማሊያው ላይ ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። ታዋቂው ቤልጂየማዊ ተወዳዳሪ ኤዲ መርክስ ከ1971 እስከ 1976 የተወዳደረው የቋሊማና የሥጋ ውጤት ለሚያመርተው ለሞልቴኒ ነው። ከዚያ በፊት የቡና ማሽን ለሚሠራው ለፋኤማ ነበር። ሌላው ቤልጂየማዊ ሮጀር ደ ቭላሚንክ ፓሪስ ሩቤ የተባለውን ውድድር ካሸነፈባቸው 4 ጊዜያት 3ቱን ያሸነፈው ብሩክሊን የሚባለውን የማስቲካ ስም ደረቱ ላይ አድርጎ ነው።

እስቲ አስቡት፣ የሞልቴኒን ቋሊማ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ዛሬም የሞልቴኒን ኮፍያ ፈልጎ ይገዛል። ለምን? የሚገዛው ቀለሙንና ሰውየውን ነው። የብሩክሊን ቡድን ይነዳው የነበረው ብስክሌት ቱሪን ውስጥ በጂዮስ የተሠራ ሰማያዊ ብስክሌት ነው፣ ጂዮስም እስከ ዛሬ የሚታወቀው በዚያ ሰማያዊ ነው። በ1885 የተመሠረተው የጣሊያኑ ብስክሌት ሠሪ ቢያንኪም ያው ነው፤ ያንን ቀለል ያለ አረንጓዴ ሰማያዊ ከሩቅ ያየ ሰው ስሙን ማንበብ አያስፈልገውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሎጎ ማስቀመጥ አይደለም። ቀለም መምረጥ ነው። አንድ ዋና ቀለም፣ አንድ አጃቢ፣ ቢበዛ ሦስተኛ። ፍሬማችሁ ላይ ያለው ቀለም ራሱ ቢሆን በጣም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ኮፍያውን ያየ ሰው በሌላ ቀን ብስክሌቱን ሲያይ ሁለቱን በራሱ ያገናኛቸዋል። የቀለሙን የፓንቶን ቁጥር፣ ማለትም አምራቾች አንድን ቀለም በትክክል የሚለዩበትን ቁጥር፣ ጽፋችሁ ያዙት። "ጠቆር ያለ ቀይ" ብላችሁ ብታዝዙ የሚመጣላችሁ ልብስ ሰፊው ራሱ የመረጠው ቀይ ነው።

ጨርቁ፣ ጥላው፣ ስፌቱ

እዚህ ጋ አትቸኩሉ፣ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው።

የተለመዱት አቆራረጦች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሦስት ቁራጭ ነው፦ በመሀል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ አንድ ሰፊ ቁራጭና ሁለት ጎኖች። ሌላው አናት ላይ የሚገናኙ አራት ቁራጮች አሉት። ባለ ሦስቱ መሀሉ ሰፊና ያልተቆረጠ ስለሆነ ለሥዕል ይመቻል። ባለ አራቱ ላይ ሪቫኑ የመሀሉን ስፌት ይሸፍንላችኋል፣ ያንን የድሮ መልክም ይሰጣል። አናቱ ላይ እንደ ቤዝቦል ኮፍያ ቁልፍ እንዳይኖረው። ሄልሜት ሲጫነው ያማል።

ጨርቁ ቀጭን ጥጥ ቢሆን ለቆዳ ደስ ይላል፣ ከሄልሜት ሥርም አያስቸግርም፣ ግን ላብ ከያዘ ቶሎ አይደርቅም። ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል። አጥብቃችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ጥጡ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ እንደሆነ ነው። አምራቹን ማመን ጥሩ ነው፣ መለካት ግን ይበልጣል። ከጨርቁ ቁራጭ አስልካችሁ ጎንና ጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በማይለቅ እስክሪብቶ ሥሩበት። እጠቡት፣ አድርቁት፣ እንደገና ለኩት። 19 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 5 በመቶ ገብቷል ማለት ነው። ዙሪያው 58 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮፍያ ላይ ያ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ደንበኛችሁ በገዛ በሳምንቱ ያጥበዋል፣ ከዚያ በኋላ ጭንቅላቱ ላይ አይገባለትም፣ ቅሬታውን ግን ለሰፊው አይነግርም፤ ለእናንተም ላይነግራችሁ ይችላል። ዝም ብሎ ማድረጉን ያቆማል።

ጥላው ውስጥ ያለው ምንድነው ብላችሁ ጠይቁ። ካርቶን ከሆነ ተዉት፣ አንድ ዝናብ ይበቃዋል። ቀጭንና ተጣጣፊ ፕላስቲክ ይሁን። ናሙናው ሲመጣላችሁ ጥላውን ጠቅልላችሁ ጠባብ ኪስ ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት ስታወጡት ወደ ቅርጹ መመለስ አለበት። ሌላው ሰው የሚረሳው ጥላው ወደ ላይ ሲገለበጥ ቆሞ መቅረቱ ነው። ተገልብጦ ቀስ ብሎ የሚወርድ ጥላ ነጂውን ያናድዳል።

ከውስጥ ግንባሩን የሚነካው ጥብጣብ ለስላሳ መሆን አለበት። ጣታችሁን በስፌቱ ላይ አስኪዱት። ክሩ የተቋጠረበት፣ ጨርቁ ሦስት አራት ድርብ የሆነበት ቦታ ካገኛችሁ፣ ያ ቦታ ከሄልሜት ሥር አንድ ሰዓት ሲቆይ ግንባር ላይ መስመር ያወጣል። ናሙናውን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትፍረዱ። ሄልሜት ደርቡበት፣ ረጅም መንገድ ንዱበት፣ እጠቡት፣ እንደገና ንዱበት። ኮፍያው ሲደረብ ሄልሜቱን በብዛት ማላላት ካስፈለገ ጨርቁ ወፍራም ነው፣ መልሱት። ሄልሜት በልኩ ካልተቀመጠ ሥራውን አይሠራም፣ እዚህ ላይ ስለ መልክ መከራከር የለም።

የጭንቅላት ነገርም አለ። "ለሁሉም የሚሆን አንድ ልክ" የሚባለው የብዙ ሰው ጭንቅላት ላይ አይሠራም። ሹሩባ የተሠራች፣ ጸጉሩን ያሳደገ፣ ጭንቅላቱ ተለቅ ያለ ሰው ኮፍያው አናቱ ላይ ተንሳፍፎ ሲቀር ያያል፣ የእኔ አይደለም ብሎም ይተወዋል። ሁለት ልክ ማሠራት ከቻላችሁ አሠሩ። ካልቻላችሁ ቢያንስ ጥልቀቱን ጨምሩ፣ ላስቲኩንም ረዘም አድርጉት።

ስማችሁን የት ታስቀምጣላችሁ

ስክሪን ፕሪንት፣ ማለትም ቀለምን በወንፊት ጨርቅ አሳልፎ ማተም፣ ለጥጥ ይመቻል፣ ለእያንዳንዱ ቀለም ግን የየራሱ ማተሚያ ስክሪን ይዘጋጃል፣ የዝግጅቱ ዋጋም ለየቀለሙ ነው። ስለዚህ ባለ አምስት ቀለም ሥዕል በ50 ኮፍያ ላይ ማሳተም የአንዱን ዋጋ ሰማይ ያደርሰዋል። በሙቀት የሚታተመው ሰብሊሜሽን የፈለጋችሁትን ያህል ቀለም ይይዛል፣ ግን የሚሠራው በፖሊስተር ላይ ነው፣ ያውም ነጣ ያለ ከሆነ። ጥልፍ ያምራል፣ እዚህ ግን አልመክረውም። ቀጭኑን ጨርቅ ይሰበስበዋል፣ ጀርባው ያለው ክር ደግሞ ግንባር ይፈትጋል። የምታሳትሙት ሥዕል ስፌት የሚያቋርጥ ከሆነ ጨርቁ ተቆርጦ ሳይሰፋ በፊት ይታተም፤ በተሰፋው ላይ ከታተመ ስፌቱ ጋ ይሰበራል።

አቅም ካነሰ ደግሞ ሪቫኑ አለላችሁ። ምንም ያልታተመበት ጥሩ ኮፍያ ወስዳችሁ በራሳችሁ ቀለማት የተሠራ ሪቫን አሰፉበት። ሁለት መስመር፣ ሦስት መስመር፣ በቃ። የስክሪን ወጪ የለ፣ የሎጎ ጭቅጭቅ የለ፣ ከሩቅም ይለያል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው።

ስሙን የምታስቀምጡበት ምርጥ ቦታ ጥላው ሥር ነው። ነጂው ሲያርፍ ጥላውን ወደ ላይ ይገለብጠዋል፣ ያኔ እስከዚያ ያልታየችው ቃል ብቅ ትላለች። ፊት ለፊት የቆመው ሰው ያነባታል፣ ምንድነው እሱ ብሎም ይጠይቃል። ወሬው የሚጀምረው ከዚያ ነው። አንድ ቃል ወይም አንድ ትንሽ ሥዕል ይበቃል። አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ስም እዚያ አትጻፉ። እነሱ ከውስጥ የምትሰፋው መለያ ጨርቅ ላይ ይሁኑ፣ ከአስተጣጠቡ ጋር።

የድሮ ቡድኖችን ኮፍያ ስም ቀይራችሁ መቅዳት አለ፣ በጣም የተለመደ ነው። አታድርጉት። የእነዚያ ስሞችና ዲዛይኖች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ባለቤት አላቸው፣ ክስ ይመጣል። ከዚያም በላይ የሌላ ሰው ታሪክ ለብሳችሁ የራሳችሁን ስም ማስተዋወቅ አትችሉም። ሥዕል ካማራችሁ ለሠዓሊ ክፈሉ። ሥዕሉ የት የት እንደሚውል፣ በስንት ኮፍያ ላይ እንደሚታተም፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፣ ስሙ የት እንደሚጻፍ አስቀድማችሁ በወረቀት ተስማሙ። በጓደኝነት የተጀመረ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ኮፍያው ሲሸጥ ነውና፣ ሳይሸጥ በፊት ጨርሱት።

ለማን ትሰጣላችሁ

ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ አታሠሩ። አምራቹ የሚቀበለው ትንሹ ትዕዛዝ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፣ እሱን እዘዙ። የዝግጅቱን ወጪ፣ የናሙናውን ወጪ፣ የመላኪያውንና የማሸጊያውን ሁሉ ደምራችሁ በኮፍያው ብዛት አካፍሉት፤ ትክክለኛ ዋጋው እሱ ነው። አምራቹ የነገራችሁ ዋጋ እሱ አይደለም።

ከመጣው ውስጥ በነጻ የምትሰጡትን ለይታችሁ አስቀምጡ። በእኔ እምነት ቅድሚያ የሚገባው ለብስክሌት መካኒኮች ነው። መካኒኩ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ነው የሚውለው፣ የሚያናግረው ሰው ሁሉ ብስክሌት ያለው ሰው ነው፣ "ምን ልግዛ?" ተብሎ የሚጠየቀውም እሱ ነው። እሱ ደግሞ ለስጦታ ብሎ መጥፎ ዕቃ አያሞግስም። ስለዚህ ኮፍያውን ስትሰጡት ብስክሌቱንም አሳዩት፣ ይንዳው፣ ይፍታው፣ የሚያስቸግረው ነገር ካለ ይንገራችሁ። የሚነግራችሁን ጻፉት።

ቀጥሎ ብስክሌት የገዛችሁ ደንበኛ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ኮፍያ ክተቱ። አንዱ የእሱ ነው፣ ሁለተኛው አብሮት ለሚነዳ ሰው ነው። ያቺ ሁለተኛዋ የምትሄደው እናንተ በፍጹም ልትደርሱበት ወደማትችሉት ሰው ነው፣ ያውም በሚያምነው ሰው እጅ። ከዚያ በየቀኑ የሚነዱ ሰዎች ይመጣሉ፦ ወደ ሥራ የሚነዱ፣ ዕቃ የሚያደርሱ፣ የክለብ አሠልጣኞች፣ ልጆች የሚያስተምሩ። ብዙ ተከታይ ኖሮት ብስክሌት ላይ የሚወጣው ለፎቶ ብቻ የሆነ ሰው ይለፋችሁ። የእሱ ተከታዮች የሚከተሉት እሱን ነው፣ ነገ ሌላ ኮፍያ ሲያደርግ እናንተን ረስተዋል።

የተረፈው ይሸጥ። በነጻ ለሁሉም መበተን ኮፍያውን ያረክሰዋል፣ ገዝቶ ያደረገውንም ያስከፋዋል። በየሳምንቱ ቅናሽ ማውጣትም ያው ነው። ገንዘብ ካጠራችሁ አስቀድሞ ትዕዛዝ መቀበል ይቻላል፤ ሰው ይከፍላል፣ ቀኑ ሲዘጋ የታዘዘውን ያህል ብቻ ታሠራላችሁ። ግን የምታደርሱበትን ቀን ስትናገሩ አምራቹ ከነገራችሁ ቀን ላይ ጥቂት ሳምንታት ጨምራችሁ ተናገሩ። ቢዘገይ ደግሞ ሳትጠየቁ ንገሩ።

ስለ ራሳችሁ ምን ትላላችሁ

ትንሽ ብራንድ ከትልቁ ጋር በማስታወቂያ ብዛት ተወዳድሮ አያሸንፍም። የሚያሸንፈው በማስረዳት ነው። በብሪጅስቶን የብስክሌት ቢሮ ይሠራ የነበረውን ግራንት ፒተርሰንን ተመልከቱ። ብሪጅስቶን አሜሪካ ውስጥ የነበረውን የብስክሌት ቢሮውን በ1994 ሲዘጋ፣ ፒተርሰን ካሊፎርኒያ ውስጥ ሪቨንዴል የተባለ ትንሽ ድርጅት አቋቋመ። ትልልቆቹ ስለ ቅለትና ስለ ፍጥነት ሲናገሩ እሱ ለደንበኞቹ በወረቀት እያሳተመ ለምን ብረት ፍሬም፣ ለምን ሰፊ ጎማ፣ ለምን ከፍ ያለ መሪ እንደሚመርጥ በረጅሙ ይጽፍላቸው ነበር። የተስማማ ገዛ፣ ያልተስማማ ሄደ። በ2004 ለንደን ላይ የተጀመረው ራፋ ደግሞ ልብስ ሻጭ ቢሆንም መንገዱ ይመሳሰላል፤ ስሙን ራሱ የወሰደው ከድሮው የሴንት ራፋኤል ቡድን ነው፣ ሥራውንም ሲጀምር የድሮ ተወዳዳሪዎችን ታሪክ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ ነበር። ሁለቱም የሚያምኑበትን ነገር ነው የተናገሩት። እናንተም የምታምኑበት ነገር አላችሁ፣ ባይኖር ብስክሌት መሥራት አትጀምሩም ነበር። እሱን ጻፉት።

ኮፍያውን ስታስተዋውቁ "ጥራቱን የጠበቀ፣ ልዩና ዘመናዊ ኮፍያ" አትበሉ፣ ይሄ ምንም አይናገርም። "ታጥቦ የተቆረጠ ጥጥ፣ የማይሰበር ጥላ፣ ከ54 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ጭንቅላት፣ በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ ይታጠብ" ካላችሁ ሰው ይወስናል። ፎቶውን በሚነዱ ሰዎች ላይ አንሱ። ላብ ያለበት፣ ዝናብ የመታው፣ ሄልሜት ሥር የገባ፣ ጥላው የተገለበጠ። የተለያየ ጸጉርና የተለያየ ዕድሜ ይታይ። አንድ ቆንጆ ፊት ከነጭ ግድግዳ ፊት ማቆም ስለ ኮፍያው የሚያስረዳው ነገር የለም።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ኮፍያ መጥፎ ብስክሌትን አይሸፍንም። ፍሬሙ ተሰንጥቆበት ሦስት ጊዜ ጽፎላችሁ መልስ ያጣ ሰው ኮፍያችሁን ባየ ቁጥር ያንን ነው የሚያስታውሰው፣ ለጎኑም ይነግረዋል። ኮፍያ ከማዘዛችሁ በፊት የተቀመጡ ቅሬታዎችን መልሱ።

መሥራቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ብስክሌት የሚገዛውን ሰው ሁሉ "እኛን የት አያችሁን?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን ደብተር ላይ ጻፉ። ለመካኒክ የተሰጠው፣ በሳጥን የሄደው፣ የተሸጠው ኮፍያ በውስጥ መለያው ላይ ትንሽ የተለያየ ምልክት ይኑረው፤ ሰው ኮፍያውን አድርጎ ሲመጣ ወይም ፎቶ ሲልክ ከየት እንደመጣ ታያላችሁ። የተወደደ ፎቶ መቁጠር ቀላል ነው፣ ግን ስንት ሰው ብስክሌቱን ለመሞከር እንደመጣ አይነግራችሁም።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ያንኑ ደግማችሁ አታሳትሙ። የገዙት ሰዎች የእነሱ ዙር የእነሱ ሆኖ ይቅርላቸው። አቆራረጡንና ጨርቁን አትንኩ፣ ቀለሙን ወይም ሪቫኑን ቀይሩ። ለዚህ እንዲመቻችሁ ከእያንዳንዱ ዙር ሁለት ኮፍያ ያልታጠበ አስቀምጡ፣ ከመቁረጫ ፓተርኑ፣ ከቀለም ቁጥሮቹና ከጨርቁ ቁራጭ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ። አምራች ስትቀይሩ ይዛችሁ የምትሄዱት ያንን ከረጢት ነው።